ቀብዱን አትክፈይ፤ ቋንቋውን ጀምሪ

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለሌሎች አንባቢዎችም እንዲገባ ፍሬ ነገሩን ልድገመው። ዕድሜሽ 27 ነው፤ በነርሲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ አለሽ፤ ደሴ ውስጥ በመንግሥት ጤና ጣቢያ አራት ዓመት ሠርተሻል። አንድ ኤጀንሲ በስድስት ወር ጀርመን አስገብቼ ሆስፒታል አስቀጥርሻለሁ ብሎ 450 ሺህ ብር ጠይቆሻል፤ 150ውን ሺህ በዚህ ወር በቀብድ፣ ቀሪውን ቪዛው ሲመታ። ቀብዱን ሪያድ ያለችው ታላቅ እህትሽ ልትልክ ተስማምታለች። የጠየቅሽኝ ሁለት ነገር ነው፤ ልክፈል ወይ? ሥራዬንስ ልልቀቅ ወይ?

ቀብዱን አትክፈይ። ኤጀንሲውን አላውቀውም፤ ስሙንም አልጻፍሽልኝም። ምክንያቴ የጀርመን ደንብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የጤና ባለሙያ እጥረት የጠናባቸውን አገሮች ዝርዝር ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዝርዝር 55 አገሮች አሉ፤ ኢትዮጵያ አንዷ ናት። የጀርመን የሥራ ቅጥር ደንብ አንቀጽ 38 ደግሞ በዚህ ዝርዝር ካሉ አገሮች ነርስም ሆነ ሌላ የጤና ባለሙያ መመልመልና ከቀጣሪ ጋር ማገናኘት የሚችለው የጀርመን ፌዴራል የሥራ ስምሪት መሥሪያ ቤት ብቻ ነው ይላል። የግል ደላላ ያንን ሥራ ከሠራ ደንብ ተላልፏል። ራስሽ ቀጣሪ ፈልገሽ በራስሽ ስም ብታመለክቺ ግን የሚከለክልሽ የለም።

ስለዚህ ኤጀንሲው በሕግ ሊሸጥልሽ የሚችለው የቋንቋ ትምህርት፣ ትርጉምና ፎርም መሙላት ነው። ለዚህ ደግሞ 450 ሺህ ብር አይከፈልም። እህትሽ ገንዘቡን ሰው ቤት እያጸዳች፣ ልጅ እያሳደገች እንዳጠራቀመችው ጽፈሻል። አንቺ በወር ደመወዝሽ ስንት ዓመት ብትቆጥቢ ነው የምትመልሺላት? ይህን ሳስብ ሆዴ ይባባል፤ ለዚህ ነው መልሴን ያላለዘብኩት።

«በስድስት ወር» የሚለውን ቃል ቋንቋው ብቻውን ያፈርሰዋል። ጀርመን ውስጥ በነርስነት ሙሉ ዕውቅና ለማግኘት በጥቅሉ ቢ2 የሚባለው የጀርመንኛ ደረጃ ይጠየቃል (ደረጃዎቹ ከታች ወደ ላይ ኤ1፣ ኤ2፣ ቢ1፣ ቢ2፣ ሲ1፣ ሲ2 ናቸው)። የጀርመን የባህልና የቋንቋ ተቋም የሆነው ጎተ ኢንስቲትዩት ከዜሮ ተነስቶ እዚያ ለመድረስ ከ600 እስከ 800 ክፍለ ጊዜ ያስፈልጋል ብሎ ይገምታል፤ አንዱ ክፍለ ጊዜ 45 ደቂቃ ነው። እየሠራሽ በሳምንት ስምንት ክፍለ ጊዜ ብትማሪ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ይወስድብሻል። ከመጋቢት 2024 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በኤ2 ደረጃና በሥራ ውል ገብቶ፣ እዚያ እየሠሩ ዕውቅናውን የሚጨርሱበት የዕውቅና ሽርክና የሚባል መንገድም ተከፍቷል። እውነት ነው፣ መንገዱ አለ። ግን በኤ2 ጀርመንኛ በር ላይ ቆሞ ፈረቃ መረከብ ምን እንደሚመስል አስቢው። ተረካቢዋ በፍጥነት ታወራለች፣ አዛውንቱ ታካሚ በአካባቢው ዘዬ ያጉረመርማል፣ አንቺ የመድኃኒቱን መጠን በትክክል መስማት አለብሽ። ቢያንስ ቢ1ን ይዘሽ ብትሄጂ እመርጣለሁ።

ከጀርመንኛው የሚያስፈራው ከስም በፊት የሚገባው ዴር፣ ዲ፣ ዳስ የሚሉት መስተአምር ነው፤ እሱ በአብዛኛው በቃል ከማጥናት ሌላ መድኃኒት የለውም። ግሱ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲወረወር ግን እንግሊዝኛ ተናጋሪው ሲደናገር አማርኛ ተናጋሪው ይገባዋል፤ እኛም «ሐኪሙ መድኃኒቱን ለበሽተኛው ስላዘዘ» እያልን ነው የምንኖረው።

አሁን ወደ ወረቀቶችሽ። ሰው ሁሉ ቪዛ ቪዛ ሲል የሚረሳው ይህንን ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚባክነውም እዚሁ ላይ ነው።

በመጀመሪያ፣ እጅሽ ላይ ያለው ቴምፖ ነው ወይስ ዋናው ዲግሪ? ኮስት ሼሪንግሽን ካልከፈልሽ ዩኒቨርሲቲው ዋናውን ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን አይለቅልሽም። እህትሽ የግድ ትርዳኝ ካልሽ ለዚህ ትርዳሽ፤ ቢያንስ ደረሰኝ ያለው ነገር ነው።

ቀጥሎ የሰዓቱ ጉዳይ አለ። ጀርመን ውስጥ አንድ ነርስ በሦስት ዓመት 2,100 ሰዓት በክፍል፣ 2,500 ሰዓት በተግባር ይማራል። ዕውቅና ሰጪው መሥሪያ ቤት ያንቺን ትምህርት ከዚህ ጋር ጎን ለጎን ያስተያያል። የእኛ ትራንስክሪፕት ደግሞ የትምህርቱን ስም፣ ክሬዲቱንና ውጤቱን ብቻ ነው የሚያሳየው። በዋርድ ስንት ሰዓት እንደቆምሽ፣ በማዋለጃ ክፍል ስንት ሳምንት እንደነበርሽ አይናገርም። ሬጅስትራር ሄደሽ፣ ከዚያም የትምህርት ክፍልሽን ኃላፊ ይዘሽ፣ የእያንዳንዱን ኮርስ የንድፈ ሐሳብና የተግባር ሰዓት የሚዘረዝር ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አስጽፊ። «እንዲህ ያለ ፎርማት የለንም» ሊሉሽ ይችላሉ። ሥርዓተ ትምህርቱ እነሱ ዘንድ አለ፤ ደጋግመሽ ተመላለሺ።

የሥራ ልምድ ደብዳቤሽም እንደዚሁ ነው። የተለመደው አጻጻፍ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በነርስነት አገልግለዋል፤ የሥራ ግብር ከፍለዋል» ብሎ ያልቃል። ለጀርመኑ መሥሪያ ቤት ይህ አይበቃም። ልምድሽ የትምህርት ጉድለትሽን ሊሞላ ስለሚችል፣ በድንገተኛ ክፍል ስንት ወር፣ በእናቶችና ሕፃናት ስንት ወር፣ ምን ምን ሥራ እየሠራሽ እንደነበር በዝርዝር ይጻፍልሽ። አለቃሽ ጤና ጣቢያው ውስጥ ሳሉ፣ አንቺም ሥራ ላይ ሳለሽ ማስጻፉ ይቀላል።

ስምሽንና የልደት ቀንሽን ዛሬውኑ አስተያዪ። ፓስፖርትሽን፣ ዲግሪሽን፣ የሙያ ፈቃድሽንና የልደት የምስክር ወረቀትሽን ጠረጴዛ ላይ ደርድሪና በእንግሊዝኛው ፊደል ፊደል በፊደል አንብቢ። የአባትሽ ስም ኃይሉ ነው ብለሻል፤ በአንዱ ወረቀት በ«ዋይ» በሌላው በ«አይ» ተጽፎ ቢገኝ ለኛ ያው ኃይሉ ነው፣ ለጀርመን ጸሐፊ ግን ሁለት ሰው ነው። የልደት ዘመንሽም በአንዱ በእኛ አቆጣጠር፣ በሌላው በፈረንጅ ሆኖ ምንም ማብራሪያ ከሌለው ሰባትና ስምንት ዓመት ልዩነት ያሳያል። ይህ አገር ቤት ሳለሽ በቀላሉ የሚታረም ነገር ነው።

ወረቀቱ ሲሟላ ማመልከቻው ልትሠሪበት ላሰብሽው ክፍለ ግዛት ነው የሚገባው፤ ጀርመን 16 ክፍለ ግዛቶች አሏት፣ አሠራራቸውም ይለያያል። ቦን ከተማ ያለው የሙያ ዕውቅና ማዕከላዊ አገልግሎት ውጭ አገር ላሉ ሰዎች የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚመለከታቸውና ምን ወረቀት እንደሚጠየቁ በነፃ ያማክራል። ኤጀንሲው ለሚያስከፍልሽ ሥራ ትልቁ ክፍል ይኸው ነው። ኮሎኝና ፍራንክፈርት ሐበሻ አለ ብለሽ ከተማውን አስቀድመሽ አትምረጪ፤ ለውጭ አገር ነርሶች የማለማመጃ ትምህርት የሚሰጥ ሆስፒታል ካገኘሽ ከተማዋ ትንሽ ብትሆንም ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይሻልሻል። መጀመሪያ የሚመጣልሽ መልስ ምናልባት ሙሉ ዕውቅና ላይሆን ይችላል፤ የጎደለው ተዘርዝሮ ይላክልሻል። ያ ውድቀት አይደለም። ጉድለቱን በማለማመጃ ሥልጠና ወይም በቃልና በተግባር በሚሰጥ ፈተና ትሞይዋለሽ።

ቃለ መጠይቅ ከመግባትሽ በፊት ልትቀበዪው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። እዚህ አስታማሚ አለ። እናት ልጇን፣ ሚስት ባሏን ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ታገላብጣለች፤ ምሳውም ከቤት በሳህን ይመጣል። ነርሷ መርፌ፣ ግሉኮስ፣ ቁስል ማሸግ ላይ ናት። ጀርመን ሆስፒታል ውስጥ ማጠቡም፣ ማብላቱም፣ ሽንት ቤት መውሰዱም የነርስ ሥራ ነው፤ እዚህ በቀን አሥር ጊዜ የምትተክዪውን የደም ሥር መርፌ ግን እዚያ ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ነው የሚተክለው። ባለ ዲግሪ ሆነው ሄደው በዚህ ክፉኛ የተከፉ ነርሶች አጋጥመውኛል። እኔ እንደ ውርደት አላየውም፤ ሰውን ማጠብ ቆዳውን፣ እብጠቱን፣ ትንፋሹን ማየት ነው። አንቺ ግን ራስሽን ጠይቂ፤ መልሱ «አልችልም» ከሆነ አሁኑኑ ብታውቂው ይሻላል።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም። በአረጋውያን እንክብካቤ ለባለሙያ ነርስ ዝቅተኛው ክፍያ በሐምሌ 2025 (እ.ኤ.አ.) በሰዓት 20.50 ዩሮ ሆኖ ነበር፤ ሆስፒታሎች የየራሳቸው የደመወዝ ስኬል አላቸው። ላላገባ ሰው በግብርና በመድን ወደ ሲሶው ይቆረጣል፣ ከዚያም የቤት ኪራይ አለ። ኤጀንሲው «ብሎክ አካውንት» ብሎ በሺህ የሚቆጠር ዩሮ አስቀምጪ ካለሽ፣ እሱ በዋናነት ተማሪዎችና የሥራ ውል ሳይኖራቸው ሥራ ፍለጋ የሚገቡ ሰዎች የሚጠየቁት ነው። በቂ ደመወዝ ያለው ውል ይዞ የሚሄድ ሰው መተዳደሪያውን የሚያሳየው በዚያው ውል ነው።

ሥራሽን አትልቀቂ። የአራት ዓመት ልምድሽ ስድስት ሲሆን ዋጋው ይጨምራል፤ ናይት ዲዩቲ በማይኖርሽ ቀን በኦንላይን ብትማሪ፣ ለፈተናው ብቻ አዲስ አበባ መምጣት ትችያለሽ። ለእህትሽም ዛሬ ማታ ደውይላትና ገንዘቡ እጇ ላይ ይቆይ።

እኔ የምጠብቀው የዩኒቨርሲቲውን የሰዓት ዝርዝር ነው። እንዳገኘሽው ኮፒውን ላኪልኝ፤ ከ2,100ውና ከ2,500ው ሰዓት ጋር አብረን እናስተያየዋለን።