እጀታው አልዞር ሲል፦ በ35 ሚሊ ሜትር ካሜራ ፊልም ስለ መመለስ ጥያቄና መልስ

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ጥያቄ የምቀበለው ፊልሙን ወደ ካሴቱ፣ ማለትም ተጠቅልሎ ወደሚቀመጥበት ትንሽ ቤት፣ የሚመልሰው እጀታ ስለሚከብድበት ጉዳይ ብቻ ነው። ሁለት ነገሮችን አስቀድሜ እናገራለሁ፤ ፊልም በውስጡ እያለ የካሜራውን ጀርባ በብርሃን አትክፈቱ፤ በካሜራ ውስጥም ዘይት አትርጩ። ስትጠይቁ የካሜራውን ሞዴልና የፊልሙን ዓይነት፣ እንዲሁም ክብደቱ የት ላይ እንደ ጀመረ ጻፉልኝ።

ጥያቄ፣ ከአዲስ አበባ፦ ጋሼ፣ ካሜራዬ ከአባቴ የወረስኩት ፔንታክስ ኬ1000 ነው። 36ኛውን ፎቶ ካነሣሁ በኋላ መሳቢያው፣ ፊልሙን ወደ ቀጣዩ ፎቶ የሚያሳልፈው እጀታ፣ መሃል መንገድ ላይ ቆመ። ከሥር ያለችውን ቁልፍ ተጭኜ መመለሻውን ሳዞር ትንሽ ሄዶ ድርቅ አለ። በጉልበት ላዙረው?

መልስ፦ በጉልበት አታዙረው። ፊልሙን የሚያሳልፈው ጥርስ ያለው ዘንግ ነው፤ ጥርሶቹ በፊልሙ ጠርዝ ቀዳዳዎች ውስጥ እየገቡ ለእያንዳንዱ ፎቶ ስምንት ቀዳዳ ያሳልፋሉ። ይህ ዘንግ ወደ ኋላ እንዳይዞር ማገጃ አለው፤ የዚያች ቁልፍ ሥራም ዘንጉን ከማርሹ አላቅቆ እንዲሽከረከር መፍቀድ ነው። ቁልፏ በሙሉ ካልገባች አንተ እጀታውን ባዞርክ ቁጥር ፊልሙን ከማይነቃነቅ ጥርስ ጋር እያታገልክ ቀዳዳዎቹን ትቀድዳለህ፤ አንዴ ከተቀደዱ ደግሞ ቁራጩ ማርሹ ውስጥ ገብቶ ሌላ ጣጣ ያመጣል።

የአንተ መሳቢያ መሃል ላይ የቆመው ፊልሙ ስላለቀ ነው። ሁሉም ነገር ተወጥሮ ስለቆመ ቁልፏ የገባች መስላህ ሳትገባ ቀርታ ይሆናል። ስለዚህ በመጀመሪያ መመለሻውን ልቀቀውና ውጥረቱ ይርገብ፤ ቀጥሎ ቁልፏን እስከ መጨረሻው ተጫን፤ መሳቢያው አሁን በቀላሉ የሚሄድ ከሆነ ጉዞውን አስጨርሰው፤ መሳቢያው ሲንቀሳቀስ ቁልፏ ተመልሳ ልትወጣ ስለምትችል እንደገና ተጫናትና በቀስታ አዙር። ይህም ካልሠራ ብርሃን በማያስገባ ጥቁር ከረጢት ውስጥ ወይም ፍጹም ጨለማ በሆነ ክፍል ጀርባውን ከፍተህ ፊልሙን በእጅህ ወደ ካሴቱ ጠቅልለው። ቀይ መብራት እንዳታበራ፤ የቀለም ፊልም ሁሉ፣ ጥቁርና ነጩም አብዛኛው፣ ቀይ ብርሃንን ያያል።

ጥያቄ፦ የእኔም ከብዶኛል፤ ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ምን ካሜራ? ምን ፊልም? ከመጀመሪያው ነው ወይስ ከመሃል የከበደው? ከላይ የጻፍኩትን ካነበብክ በኋላ ተመልሰህ ጠይቅ።

ጥያቄ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፦ ጋሼ፣ የእኔ ኒኮን ኤፍኤም2 ነው። ቁልፉ በሚገባ ተጭኗል፤ ፊልሙም ይመለሳል። ይሁን እንጂ እጀታው በእያንዳንዱ ዙር አንድ ቦታ ሲደርስ ይይዝና ያልፋል። ፊልሙን ከትልቅ ጥቅል ቆርጬ በአሮጌ ካሴት የሞላሁት እኔ ራሴ ነኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ክብደቱ የት እንደሚሰማሽ ስለነገርሽኝ ሥራዬን በግማሽ አቅልለሽልኛል። በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚይዝ እጀታ የሚዞር አንድ ነገር መጣመሙን ያመለክታል፤ ይህም ካሜራው ወድቆ የታጠፈ የመመለሻ ዘንግ ወይም የተጨፈለቀ ካሴት ሊሆን ይችላል። ፊልሙን ካወጣሽ በኋላ ባዶውን ካሜራ ከፍተሽ እጀታውን ብቻውን አዙሪው፤ ከዚያም ባዶ ካሴት አስገብተሽ ድገሚው። ያለ ካሴት የሚይዝ ከሆነ ችግሩ የዘንጉ ነው፤ በካሴቱ ብቻ የሚይዝ ከሆነ ግን ካሴቱን ጣይው።

ሌሎቻችሁም ይህን ለዩ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኩል የሚከብድ ከሆነ የደረቀ ግሪስን፣ ያለፈው ፊልም የሚጠቀለልበትን የተቀባዩን ጥቅል ሰበቃ ወይም በካሴቱ አፍ ላይ ያለውን የከፈይ ጨርቅ ጠርጥሩ፤ ብዙ ጊዜ የተሞላ ካሴት ከፈዩ አቧራ ስለሚይዝ ማክበድ ብቻ ሳይሆን ፊልሙንም ይጭራል። ቀሎ ጀምሮ መሃል ላይ ድንገት የሚቆም ከሆነ ቁልፉ ተመልሶ ወጥቷል፤ በአንዳንድ ካሜራ ቁልፉ እስከ መጨረሻው በጣት ተይዞ መቆየት እንዳለበት አትርሱ። ወደ መጨረሻው ጠንከር ብሎ ወዲያው የሚለቅ ከሆነ ግን የፊልሙ ጫፍ ከተቀባዩ ጥቅል መውጣቱ ስለሆነ ደግ ነው። በእጃችሁ ስትሞሉ ደግሞ አትስገብገቡ፤ ባለ 36 ፊልም 1.6 ሜትር አካባቢ ነው፣ ከዚያ በጣም ካረዘማችሁት ካሴቱ ውስጥ ይታጨቃል።

አንድ አባል፦ እኔ እንኳ ሲከብደኝ በኃይል ነው የማዞረው። ቢበዛ የሚቀደደው ፊልሙ ነው፤ ካሜራው ምንም አይሆንም።

መልስ፦ ይህ ምክር ካሜራ ያሰብራል። ብዙዎቹ ፊልሞች የሚሠሩበት አሴቴት የተባለው ፕላስቲክ ሲጎተት ይቀደዳል፤ ስለዚህ እስካሁን ዕድል ረድቶሃል። እንደ ሮላይ ሬትሮ 400ኤስ ያሉት ግን በፖሊስተር ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ፖሊስተር በቀላሉ አይቀደድም፣ በእርሱ ፋንታ የሚሰበረው የካሜራህ ማርሽ ነው።

ሌላ አባል፦ ትንሽ ደብልዩ ዲ 40 የሚባለውን የሚነፋ ዘይት ነፋ ብናደርግበትስ? የበሬን ማጠፊያ ያላላልኝ እርሱ ነው።

መልስ፦ ካሜራ በር አይደለም። ዘይቱ በነፋህበት ቦታ አይቀርም፤ እየተሰራጨ ለፎቶው ብርሃን የሚከፍተውና የሚዘጋው መጋረጃና የሌንሱ ቅጠሎች ላይ ይደርስና አቧራ ሰብስቦ ያጣብቃቸዋል። ለሁለተኛ ጊዜ እላለሁ፣ ዘይት አትርጩ።

ጥያቄ፦ የእኔ ያሺካ ማት መመለሻ እጀታው ጭራሽ የለም። ወድቆ ይሆን?

መልስ፦ አልወደቀም። ያሺካ ማት የሚሠራው በሰፊው የ120 ፊልም ነው፤ እርሱም ከአንዱ ጥቅል ወደ ሌላው አልፎ እዚያው ይቀራል እንጂ አይመለስም።

ጥያቄ፦ በሞተር የሚመልሰው ትንሹ ካሜራዬ ግማሽ ላይ ቆመ።

መልስ፦ አዲስ ባትሪ አስገባበትና እንደገና ሞክር። የሞተር ካሜራ አልጠግንም።

ጥያቄ፦ እጀታው ሊያልቅ ሲል ላላ ሲልልኝ እዚያው ላቁም ወይስ የፊልሙን ጫፍ ወደ ውስጥ ላስገባው?

አንድ አባል፦ ጫፉን ውጭ ተወው። ፊልሙን ቤት የሚያጥብ ሰው ካሴቱን መስበር የለበትም።

ሌላ አባል፦ አይሆንም። ጫፉ ውጭ የቀረ ፊልም ካልተነሣበት አዲስ ፊልም በምን ይለያል? እኔ የእህቴ ሠርግ ላይ የክርስትና ፎቶ ደርቤ አንስቻለሁ።

የፊተኛው አባል፦ ጫፉን ማጠፍ ወይም መቅደድ ነበረብህ፤ ጥፋቱ የፊልሙ አይደለም።

ሌላው አባል፦ ፖሊስተሩስ? ጋሼ አሁን የጠቀሱት ዓይነት ፊልም ብርሃንን ከጫፉ ወደ ውስጥ ስቦ ያስገባል፤ የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ይቃጠላሉ።

መልስ፦ የኋለኛው አነጋገር ስለ ፖሊስተር እውነት ነው። ፊልሙን ለፎቶ ቤት የሚሰጥ ሰው ጨርሶ ያስገባ፤ ቤቱ የሚያጥብ እንደ ልማዱ ያድርግ። የቀረውን ክርክር ለሌላ ቀን አቆዩት።

ጥያቄ፦ ፕራክቲካ ኤምቲኤል 5 ነው ያለኝ፤ ፊልሙ አልቆ መመለሻው ፈጽሞ አልዞር አለ። ጀርባውን ከፍቼ ልየው?

መልስ፦ አትክፈተው! ይህን ስንት ጊዜ ልጻፍ? ከሥር ያለውን ቁልፍ ተጫን፤ የፔንታክሱን መልስ አንብብ።

ጥያቄ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እንዳሉኝ ሞከርኩት ጋሼ። ባዶውን አይይዝም፤ የሚይዘው በአሮጌው ካሴት ብቻ ነው። በአዲሱ ካሴት ግን ከወትሮው ስለቀለለኝ በፍጥነት ባዞረው ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው። በክረምት ማሞቂያ የበራበት ቤት አየሩ ደረቅ ነው፤ ፊልም በደረቅ አየር በፍጥነት ሲጠቀለል የኤሌክትሪክ ብልጭታ ይፈጥርና ፎቶው ላይ የዛፍ ቅርንጫፍ የመሰለ ምልክት ይቀራል። በአዲስ አበባ የበጋ አየርም እንዲሁ ተጠንቀቁ።

ጥያቄ፣ ከአዳማ፦ የእኔ ፔንታክስ ባዶውንም እኩል ይከብዳል። ግሪሱን ራሴ ላጸዳው እችላለሁን?

መልስ፦ ትችላለህ፤ ፊልም በውስጡ ከሌለ። ጀርባውን ክፈትና ካሴቱ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ያለውን ሹካ (ካሴቱን የሚያዞረውን ባለ ሁለት ጣት የዘንጉን ጫፍ) በቀጭን እንጨት ያዘው፤ ከዚያ የላዩን እጀታ ከቀስቱ አቅጣጫ በተቃራኒ አዙረህ ፍታው። የምታወጣቸውን ቀለበቶችና ሞላዎች በወጡበት ቅደም ተከተል በነጭ ጨርቅ ላይ ደርድር፤ ፎቶም አንሣቸው። የደረቀውን ግሪስ የሲጋራ መለኮሻ ቤንዚን በነካ የጥጥ ጫፍ፣ ከእሳት ርቀህና መስኮት ከፍተህ ጥረገው፤ ሲደርቅም ዘንጉን ብቻ ስስ አድርገህ አዲስ ግሪስ ቀባው። ከገጠምከው በኋላ መጀመሪያ ጊዜው ያለፈበት ፊልም አስገብተህ ሞክረው። ሹካው ላይ ስንጥቅ ካየህ ግን አትግጠመው፤ ለጠጋኝ አሳየው።