አባታችን እሑድን ወፍጮ ቤት ነበር የሚውለው፤ በተዝካር እንካስለት?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከዓለም ገና ነው። አባቴ ካረፈ ወር አለፈው፤ አርባው ደርሷል። ዕድሜውን ሙሉ ወፍጮ ቤት ነበረው። አምስት ልጆች ያሳደገውም ያስተማረውም በዚያ ወፍጮ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን ብዙም አይሄድም ነበር። እሑድ ሰው ስለሚበዛ ይፈጫል። መብራት ጠፍቶ ከዋለ ደግሞ ሌሊት ሲመጣ ተነሥቶ ይፈጫል። መጨረሻ ላይ ሲታመም ንስሐ ገብቶ ቆርቧል። በቀብሩ ዕለት የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ «ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የማይጠፋ» ተባለ፤ አፈርኩ። አሁን ወንድሞቼ «በቁሙ ያልሠራውን በተዝካሩ እንሙላለት» ብለው በሬ ሊጥሉ ነው። ገንዘቡ ስለሌለ የወፍጮውን ሞተር ለመሸጥ አስበዋል። ፎቶው ያለበት ቲሸርት ይታተምም ተብሏል። እኔ ልቤ አልፈቀደም፤ እነሱ ግን «ለአባትሽ ነፍስ ትሰስቻለሽ» ይሉኛል። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ የአባትሽን ነፍስ ይማርልን። ሠልስቱንም ሰባቱንም ሠላሳውንም እንዳደረሳችሁ ስለማምን ስለ ቀኖቹ አላወራም። ለሞተ ሰው መጸለይ ይገባል ወይ ብለሽም አልጠየቅሽኝም።

የወንድሞችሽ ንግግር ለጆሮዬ አዲስ አይደለም። በሰበታም፣ በቡራዩም፣ በሰንዳፋም እሰማዋለሁ። አባት ሲለፋ ኖሮ ይሞታል። ልጆች ይሰበሰባሉ። አንዱ «ጸሎት ላይ እኮ ደካማ ነበር» ይላል። ሁሉም ይደነግጣሉ። ከዚያ በሬ ይጎተታል። ተዝካሩን እንደ ውዝፍ ግብር ያዩታል፤ ሟቹ ሳይከፍል የሄደው፣ ልጆች ከነቅጣቱ የሚከፍሉት። ክፉ ልጆች ሆነው አይደለም። አባታቸውን ስለሚወዱ ነው። ግን ተሳስተዋል።

ከበሬው በፊት ስለ አባትሽ እናውራ። ሁላችሁም አባታችሁን ለሁለት ከፍላችኋቸዋል። በአንድ በኩል ወፍጮው፣ በሌላ በኩል እግዚአብሔር። ወፍጮ ቤት የዋሉበት ሰዓት ሁሉ ከእግዚአብሔር የተሰረቀ ሰዓት መሰላችሁ። ይህን ማን አስተማራችሁ? ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ለቤተሰቡ የማያስብ ሰው ሃይማኖትን የካደ፣ ከማያምንም የከፋ ነው ይላል (1ኛ ጢሞ. 5፥8)። ከበድ ያለ ቃል ነው። እንዲህ ከሆነ በሌሊት ተነሥተው፣ ዱቄት ለብሰው አምስት ልጅ ያሳደጉ ሰው በዚያ ሰዓት ሃይማኖታቸውን እየጠበቁ ነበር ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ሐምሌ 26 ዕረፍቱን የምታስበው ጻድቁ ዮሴፍም አናጺ ነበር። ጌታን በመጥረቢያው ነው ያሳደገው።

ይህን ስል እሑድን ቀላል አድርጌ እንዳይመስልሽ። ቅዳሴ መቅረታቸው ጉድለት ነው። ሥራ ቅዳሴን አይተካም፤ የወፍጮ ድምፅ ኪዳን አይሆንም። ይህን የምለው ለአንቺና ለወንድሞችሽ ነው፤ እናንተ ገና በሕይወት ናችሁና። ጌታ ስለ መምጫው ሲናገር ሁለት ሴቶች በወፍጮ ይፈጫሉ፣ አንዲቱ ትወሰዳለች አንዲቱ ትቀራለች አለ (ማቴ. 24፥41)። ልብ በይ፤ ሁለቱም ወፍጮ ላይ ናቸው። ሥራቸው አንድ ነው። ወፍጮው አንዷን አላዳናትም፣ ሌላዋንም አልኮነናትም። የለያቸው በውስጣቸው የነበረው ነው፤ እሱን ደግሞ እኔም አላየሁም፣ ወንድሞችሽም አላዩም።

አንድ ነገር ግን አየሁ። «ንስሐ ገብቶ ቆርቧል» ብለሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፍሽው። እኅቴ፣ ከጻፍሽልኝ ሁሉ ትልቁ እሱ ነው! ሰውዬው የቀረባቸውን እሑድ ሁሉ ይዘው ከንስሐ አባታቸው ፊት ቀርበዋል። ካህኑ ፈትተዋቸዋል። የጌታን ሥጋና ደም ተቀብለዋል። ታዲያ ወንድሞችሽ የሚከፍሉት ዕዳ የቱ ነው? አባታችሁ ተናዘው የጣሉትን ዕዳ እናንተ አንሥታችሁ በሬ ልታርዱበት ነው እንዴ? ይህ ለካህኑ ሥልጣንም፣ ለቅዱስ ቁርባኑም ንቀት ይሆናል። ሳታስቡት ነው፤ ግን ይሆናል።

ያፈርሽበትን የሕይወት ታሪክም ላንሣው። ማፈርሽ ደግ ነው። በየቀብሩ እንዲህ ያለ ነገር እንሰማለን፤ ሟች ሁሉ ጸሎተኛ፣ ሟች ሁሉ ከደጀ ሰላም የማይጠፋ ይሆናል። የሚያውቀው ሕዝብ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። በውሸት ማንንም ማክበር አይቻልም። ደግሞስ ምን ቸግሯችሁ?

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9ን አውጪና አንብቢ። ኢዮጴ የምትባል ከተማ ውስጥ ጣቢታ የምትባል ሴት ሞተች። ጴጥሮስ ተጠርቶ መጣ። መበለቶቹ ከበውት እያለቀሱ ምን አሳዩት? የሰፋችላቸውን ቀሚስና ልብስ። በቃ። ስንት ጊዜ እንደጾመች የነገረው የለም። «እነሆ፣ ይህን ለእኔ ሰፋችልኝ» ነው ነገሩ። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ሟችን በማስታወስ በኩል ከዚህ የሚያምር ቦታ ለእኔ የለም። ሐዋርያው ፊት የቀረበው የመርፌ ሥራዋ ነው።

የአባትሽ ቀሚስ የቱ ነው? እኔ አላውቃቸውም፤ ወፍጮ ቤት ግን አውቃለሁ። አንዲት እናት ግማሽ ቁና ይዛ መጥታ ሒሳብ ሲጎድላት «ሂጂ፣ ሌላ ጊዜ ታመጫለሽ» የሚል ባለ ወፍጮ አለ። ሌላ ጊዜ እንደማታመጣ እያወቀ። የበዓል ዋዜማ ሰልፉ ረዝሞ አሮጊቷን አስቀድሞ የሚያስተናግድ አለ። ሚዛኑን የሚጠብቅ አለ፤ የሰው ዱቄት የሚያጎድልም አለ። አባትሽ ከየትኛው ነበሩ? ሰፈሩን ጠይቂ። ለቅሶ የመጡትን እናቶች ጠይቂ። የሚነግሩሽን ጻፊው፣ ለልጆቻችሁም ንገሩ። ሰው ሲያስቀይሙ የነበሩ ከሆነም እወቂው፤ ይቅርታ የሚጠየቅለት ሰው ሊኖር ይችላል፤ ይህም ለነፍሳቸው ከድግስ ይሻላል።

አሁን ወደ በሬው። በመዝሙር 49 እግዚአብሔር «የፍሪዳን ሥጋ እበላለሁን?» ብሎ ይጠይቃል። አይበላም። የሚበላው ጎረቤት ነው፤ ያውም ጠግቦ የሚያድረው። ማዕድ ማቅረብ ግን ጥሩ ነው፣ አልከለከልኩም። ጌታ ድሆችን፣ አንካሶችን፣ ዕውሮችን ጥራ ብሏል፤ ብድር መመለስ የማይችሉትን (ሉቃ. 14፥13-14)። እናንተ የምትጠሩት ግን ነገ የእሱን ተዝካር ሲያወጣ መልሶ የሚጠራችሁን ነው። እውነቱን እንነጋገር፤ በሬውን የሚያሳርደው የአባታችሁ ነፍስ ሳይሆን «ሰው ምን ይለናል» ነው። ይሉኝታ ስንቱን ቤት አራቆተ! ዕድር ድንኳኑን ያበድራል፣ ዕዳውን ግን አይከፍልም።

ሞተሩን አትሽጡ። ይህን እንደ ምክር ሳይሆን ጠበቅ አድርጌ እላለሁ። እናታችሁ ካሉ በምን ሊኖሩ ነው? አባትሽ ዕድሜያቸውን የጨረሱበትን የልጆች እንጀራ በአንድ ቀን ጠላና ጥሬ ሥጋ ለውጦ «ለነፍሱ ነው» ማለት መታሰቢያቸውን ማፍረስ ነው። ይልቅ በአርባቸው ዋዜማ ወፍጮውን ክፈቱት። ለሰፈሩ ችግረኛ እናቶች ያን ቀን ያለ ክፍያ ይፈጭላቸው። ሌላም አለ፤ ሰበታ ላይ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ከቤታችሁ ሩቅ አይደለም። የጌታ ቃል በስም የጠራቸው እዚያ አሉ። ሄዳችሁ የሚያስፈልጋቸውን ጠይቁ።

በዕለቱ ጸሎተ ፍትሐቱ ይደረግ፣ ቅዳሴው ይቀደስ። የክርስትና ስማቸውን ጽፋችሁ ለካህኑ ስጡ። ዳቦና ንፍሮ አድርጋችሁ በደጀ ሰላም ለነዳያን አብሉ፤ ከካህናቱም ጋር ቅመሱ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ለሞቱት የምናቀርበው ጸሎት ከንቱ እንዳልሆነ ሲያስረዳ ኢዮብን ያነሣል፤ ማልዶ እየተነሣ ስለ ልጆቹ መሥዋዕት የሚያቀርበውን አባት። አባትሽም ማልደው ሲነሡ ኖረዋል። እስቲ ደግሞ ልጆቻቸው ማልዳችሁ ተነሡላቸው፤ አምስታችሁም ያን እሑድ ቅዳሴ ግቡ። ወንድሞችሽ በሬ ለመግዛት ገበያ የሚሄዱበትን ጉልበት ለኪዳን ያውሉት። ንስሐ አባት የሌለው ካለ በዚሁ ይያዝ።

ለአባትሽ አልሰሰትሽም። ወንድሞችሽን ግን በቁጣ አታናግሪ፤ እነሱም ኀዘንተኞች ናቸው። ይህን መልስ አንብቢላቸው፣ ካልተስማሙ የንስሐ አባታችሁን ቤት ድረስ ጥሯቸው።

ቲሸርቱን በተመለከተ፣ ኃጢአት ነው አልልም። ገንዘብ ነው። በዚያ ዋጋ ደብተር ብትገዙ ይሻላል፤ መስከረም ሲጠባ ያለ ደብተር የሚቀር ልጅ በሰፈራችሁ አይጠፋም።