የዘንዶው ረድፍ ባዶ ነው

«ጋሼ፣ የ25 ዓመት ወጣት ነኝ። በሒሳብ አያያዝ ተመርቄ ለገሃር አካባቢ ባለ አንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ከ13 ዓመቴ ጀምሮ ደጋግሜ ያነበብኩት አንድ የአማርኛ ምናባዊ ልብ ወለድ አለ። ዘንዶ አለበት፣ ለሰው መልስ የሚሰጥ ሐይቅ አለበት፣ እናታቸውን ፍለጋ የወጡ እኅትና ወንድም አሉበት። ይህ መጽሐፍ በትልቅ በጀት ፊልም ሆኖ ሳላየው እንዳልቀር እፈራለሁ። የጻፍኩትን የመጀመሪያ 40 ገጽ የፊልም ጽሑፍና የሠራሁትን የበጀት ሠንጠረዥ አያይዣለሁ። ባንኩን ልልቀቅ? ሳያባብሉ ይንገሩኝ።»

እሺ፣ ሳላባብል። 40ውን ገጽ አንድ ጊዜ አንብቤ አስቀመጥኩት። የበጀት ሠንጠረዡን ግን ሦስት ጊዜ ገለጥኩት፤ ሦስተኛውን ጊዜ ያየሁት ለራሴ ደስታ ነው። ከዚህ በታች የምልሽ ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነው።

በፊልም ጽሑፍ አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ገደማ እንደሚሆን ታውቂያለሽ፤ የገጾችሽ አሰነዳድ ይህንን ያሳያል። መጽሐፉ 31 ምዕራፍ አለው። አንቺ በ40 ገጽ የጨረስሽው ሁለቱን ነው። በዚሁ አካሄድ ከቀጠልሽ 620 ገጽ፣ ማለትም ከአሥር ሰዓት በላይ የሚሄድ ፊልም ይሆናል። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ አምስት ሳንቲም ብትጎድል እንቅልፍ የምታጣ ልጅ ይህችን ማባዛት ያልሠራችው አቅቷት አይደለም። ብትሠሪያት ከመጽሐፉ አንድ ነገር መጣል ግድ ሊሆንብሽ ነው፤ እሱን ሸሽተሻል።

ገጽ 11 ላይ ደግሞ «እኅትየው ወንድሟን ማመን እንደማትችል ለመጀመሪያ ጊዜ ገባት» ይላል። በመጽሐፉ ውስጥ ዓረፍተ ነገሩ ግሩም ነው። ካሜራ ግን «ገባት»ን አያይም። ውኃ ስታካፍለው እጇ ትንሽ ቢዘገይ ያያል። ማታ ስትተኛ ስንቋን ከራስጌዋ ሥር ብታደርግ ያያል። አንቺ የደራሲውን ቃል አንዲት ሳታጓድዪ ገልብጠሽዋል። መውደድሽን አይቼበታለሁ፤ ሙያው ግን ገና አልተጀመረም።

ተወዳጅ መጽሐፍ ደግሞ ካልታወቀ መጽሐፍ ይልቅ ያስቸግራል። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ከተረከው ወዲህ፣ ጉዱ ካሣን በሌላ ድምፅ መስማት የሚሆንላቸው የእኔ ዘመን ሰዎች ጥቂት ናቸው። አንባቢ ፊልሙን በልቡ አስቀድሞ ሠርቶ፣ ተዋናዮቹንም መርጦ ጨርሷል። የአንቺ ዘንዶ ከእሱ ዘንዶ ጋር ካልገጠመ ትኬት ቆርጦ የሚገባው ሊጣላሽ ነው።

ልምድ ስለሌለሽ አትችዪም እያልኩሽ ግን አይደለም። «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» የተባለውን ምናባዊ ልብ ወለድ ለሦስት ፊልም ከጻፉት ሰዎች አንዷ ፊሊፓ ቦየንስ ከዚያ በፊት የፊልም ጽሑፍ ሠርታ አታውቅም ነበር። ወደ ሥራው ያስገባት መጽሐፉን ጠንቅቃ ማወቋ ነው። ነገር ግን በቀኝና በግራዋ ፊልም የሠሩ ሁለት ሰዎች፣ ፒተር ጃክሰንና ፍራን ዋልሽ፣ ነበሩ። ሦስቱ አንድ ላይ ሆነው ቶም ቦምባዲል የሚባለውን፣ አንባቢዎች የሚሳሱለትን ገጸ ባሕርይ ሙሉ በሙሉ አወጡት። ምክንያታቸው ግልጽ ነበር፤ ታሪኩ የቀለበቱ ጉዞ ነው፣ እሱ ደግሞ ጉዞውን አያስኬደውም። አንባቢዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ሦስተኛው ፊልም ግን በ2004 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 11 ኦስካር ወስዷል።

ገንዘቡም ቀላል መንገድ አልነበረውም። ሥራውን መጀመሪያ የያዘው ስቱዲዮ በሁለት ፊልም ሊሠራው አስቦ ወጪው ሲያብጥበት «በአንድ ፊልም ጨርሱት» አለ። ኒው ላይን ሲኒማ የተባለው ድርጅት ተረክቦ ሦስት አደረገው። ለሦስቱም የወጣው ወደ 281 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን የገባው ወደ 3 ቢሊዮን ይጠጋል።

አሁን የባንክ ሠራተኛዋ ልብ ብላ ታንብብልኝ። ያው ኒው ላይን በ2007፣ ይህም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ «ዘ ጎልደን ኮምፓስ»ን ሠራ። ይህም ብዙዎች የሚወዱት ምናባዊ ልብ ወለድ ነው። በጀቱ 180 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የመጽሐፉን የመጨረሻ ምዕራፎች ለሚቀጥለው ፊልም ብለው ቆርጠው አስቀሩ፤ የሚቀጥለው ፊልም ግን አልመጣም። አሜሪካ ውስጥ 70 ሚሊዮን ገደማ ብቻ አስገባ። ከአሜሪካ ውጭ ግን ወደ 300 ሚሊዮን ሸጧል! ታዲያ ምን ሆነ? ድርጅቱ ለመሥሪያ ገንዘብ ሲል የውጭውን የማከፋፈል መብት አስቀድሞ ሸጦት ነበርና የዚያ ገንዘብ አብዛኛው ለሌሎች ሆነ። በወራት ውስጥ ኒው ላይን ራሱን ችሎ መቆሙ ቀርቶ በዋርነር ብራዘርስ ሥር ተጠቃለለ። ለጉዳቱ ሌላም ምክንያት ይቆጠራል፤ እኔን የሚያስገርመኝ ግን ይህ የውል ጉዳይ ነው። ዘንዶም ጠንቋይም የሌለበት አንድ የሽያጭ ውል!

ወደ ሠንጠረዥሽ የምመለሰውም ለዚህ ነው። የፈረስ ኪራዩን ከመኖና ከጠባቂው አበል ለይተሽዋል። ዝናብ ቀረጻ የሚያስቆምባቸውን ቀናት ገምተሽ የጄነሬተርና የመኪና ኪራይ በእነዚያም ቀናት እንደሚቆጥር አስገብተሻል። ረቡዕና ዓርብ ለጾመኛውና ለማይጾመው ሁለት ዓይነት ምግብ እንደሚያስፈልግ ጽፈሻል። የብዙ ፊልም በጀት አይቻለሁ፤ የጾሙን ቀን ያስታወሰ ሰው አላጋጠመኝም። በደብዳቤሽ ግን ለዚህ ሥራ የሰጠሽው አንዲት ሐረግ ነው፤ «ሒሳብ መማሬን ይቅር ይበሉኝ» ብለሽ አልፈሽዋል። ማን ቅር ይለዋል? ትልልቅ ፊልሞች የምርት ሒሳብ ኃላፊ የሚባል ባለሙያ አላቸው። በየምሽቱ የዕለቱን ወጪ ዘግቶ «በዚህ ፍጥነት ከሄድን በ19ኛው ቀን ገንዘባችን ያልቃል» የሚል ሰው ነው። አዘጋጁ ሊጠላው ይችላል፤ ያለ እሱ ግን ፊልሙ አያልቅም። እዚህ አገር ይህ ሥራ ብዙ ጊዜ በፕሮዲውሰሩ ኪስ ውስጥ ባለ ብጣሽ ወረቀት ላይ ነው የሚሠራው። ባዶ ወንበር አለ ማለት ነው።

ጉድለቶችሽንም ልንገርሽ። መጠባበቂያ አልያዝሽም፤ በሙያው የተለመደው ከጠቅላላው 10 በመቶ ገደማ ነው። ወጪውን በዓይነት እንጂ በቀን ስላልደመርሽው የትኛው ቀን እንደሚያከስር አይታይም። ከሁሉ የሚብሰው ግን ሠንጠረዡ መጀመር ያለበት ረድፍ ጨርሶ አለመኖሩ ነው፤ የመጽሐፉ መብት።

ደራሲው በሕይወት አሉ። አነጋግረሻቸዋል? በደብዳቤሽ ውስጥ የለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድን ሥራ ወደ ሌላ ቅርጽ የመቀየር መብት የደራሲው መሆኑን ይደነግጋል፤ ጥበቃው ደራሲው ካረፈ በኋላም 50 ዓመት ይዘልቃል። ስለዚህ ያለ ፈቃድ የጻፍሽው 40 ገጽ መለማመጃ እንጂ ንብረት አይደለም፤ የመጽሐፉን ስም እዚህ ያላነሳሁትም ለዚሁ ነው። አሳታሚውን አድራሻ ጠይቂ፣ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጽፈሽ በአክብሮት ሂጂ። 40ውን ገጽ ይዘሽ አትሂጂ። መብቱን በአንድ ጊዜ መግዛት አይጠበቅብሽም፤ ለአንድና ለሁለት ዓመት ለሌላ ሰው እንዳይሸጡት የሚያደርግ መጠነኛ ክፍያ ያለው ውል መዋዋል ይቻላል። እሺ ካሉሽ በጽሑፍ ይሁን። እኔ በወጣትነቴ አንድ ታሪክ ለአንድ ፕሮዲውሰር በቃል ስምምነት፣ ፒያሳ ቡና እየጠጣን፣ ሰጥቼ ነበር። በዓመቱ ታሪኬን በሌላ ሰው ስም አየሁት። ቡናውን እንኳ የከፈልኩት እኔ ነበርኩ።

ባንኩን አትልቀቂ። ቢያንስ አሁን አትልቀቂ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል፤ የአንቺ ከዚያ አያንስም። ያንን ፈቃድ ለክፍለ ሀገር ጉብኝት ሳይሆን ለቀረጻ አውጪው። ተከታታይ ድራማ ወይም ማስታወቂያ የሚቀርጽ ድርጅት ፈልጊና «የዕለቱን ወጪ እኔ ልያዝላችሁ» በያቸው። ደራሲ ልሁን ብትያቸው በር ላይ ይመልሱሻል፤ ደረሰኝ ልሰብስብላችሁ ስትያቸው ግን ወንበር ይስቡልሻል። እዚያ ሆነሽ አንድ ትዕይንት ለምን ግማሽ ቀን እንደሚፈጅ፣ የትኛው ምልልስ ተቀርጾ ሲያበቃ እንደሚጣል በዓይንሽ ታያለሽ። መቁረጥን ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር ቦታ አላውቅም። ትምህርቱን በወጉ ከፈለግሽ ስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሄደሽ የቴአትር ጥበባት ክፍሉን ጠይቂ፤ ለዚያም ቢሆን ደመወዝሽ ያስፈልግሻል።

ጽሑፉንም ተዪው አላልኩም። ከመጽሐፉ ለጊዜው ራቂና የራስሽን አሥር ገጽ ጻፊ፤ እኅትና ወንድም፣ አንድ ሌሊት፣ አንድ ቅል ውኃ። «ገባት»፣ «ተሰማው»፣ «አሰበች» የሚሉ ቃላት እንዳይገኙበት።

ስለ ዘንዶው አንድ ነገር ልጨምር። በሠንጠረዥሽ ሁሉም ረድፍ ዋጋ አለው፤ «ዘንዶ» የሚለው ብቻ ባዶ ነው። ፈርተሽው ይመስለኛል። ፒተር ጃክሰን በዚያው የቀለበት ፊልም ረጅሙን ጠንቋይ ጋንዳልፍንና አጭሩን ፍሮዶን በአንድ ጋሪ ላይ ሲያስቀምጣቸው ፍሮዶ ትንሽ የመሰለው በኮምፒውተር አይደለም፤ ወንበሩን ወደ ኋላ አርቆ በመሥራት ነው። አናጺና የካሜራ ቦታ ብቻ በቂ ነበር። ስለዚህ በዚህ ሳምንት በምሳ ሰዓትሽ ከቅርንጫፍሽ ወጥተሽ ብሔራዊ ቴአትር ድረስ በእግርሽ ሂጂና መድረክ የሚሠሩትን አናጺዎች አንድ ጥያቄ ጠይቂልኝ፦ ጭራው ብቻ የሚታይ፣ ከጭጋግ ውስጥ የሚንቀሳቀስ የስምንት ሜትር ዘንዶ ስንት ያስወጣል? የእንጨቱን፣ የሸራውንና የእጅ ዋጋውን ለይተሽ ጻፊ። ቢሮዬ አራት ኪሎ ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት እገኛለሁ። ረድፉን ሞልተሽ ነይ።