የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሜዲቴሽን ልጀምር ነበር፣ ግን የቱን ልያዝ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ ባንክ ውስጥ ካሸር ነኝ። ቀኑን ሙሉ ብር ስቆጥር ውዬ ማታ ቤት ስገባ ጭንቅላቴ ሥራ አያቆምም፤ ተኝቼም ሒሳብ እዘጋለሁ። ጓደኛዬ ሜዲቴሽን ሞክሪ አለችኝና ዩቲዩብ ገባሁ። አንዱ ትንፋሽሽን ቁጠሪ ይላል፣ አንዱ ማንትራ የሚሉትን ቃል ደጋግሚ ይላል፣ አንዱ ጭራሽ 10 ቀን ሳትናገሪ ተቀመጪ ይላል። ሁሉንም ትንሽ ትንሽ ነካክቼ ተውኩት። ለጀማሪ የቱ ነው የሚሻለው? ደግሞ ዓይኔን ስጨፍን ሐሳቤ ይብስበታል። ለእኔ አልተፈጠረም መሰለኝ። (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልነሳ። ዓይንሽን ስለጨፈንሽ ሐሳብሽ አልባሰም። ድሮም እንደዚያው ነበር፤ ቀን ላይ ወረፋውና የስልኩ ጩኸት ስለሚውጠው ነው የማይሰማሽ። ሐሳብ የማይመጣበት ሜዲቴሽን የለም። ስለዚህ "አልችልም" የሚለውን ለጊዜው አቆዪውና ወደ ምርጫው እንሂድ።

ዩቲዩብ ላይ ያየሻቸው ዓይነቶች ስማቸው ይብዛ እንጂ ሥራቸው ተቀራራቢ ነው። ልብሽን አንድ ነገር ላይ ታሳርፊያለሽ፣ ትንሽ ቆይቶ ጥሎሽ ይሄዳል፣ መሄዱ ሲገባሽ ሳትቆጪው ትመልሺዋለሽ። የሚለያዩት በዋናነት ማረፊያው ላይ ነው፤ ትንፋሽ፣ ቃል፣ የገዛ ሰውነትሽ፣ እርምጃሽ፣ ድምፅ። ለጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዘው ትንፋሽ ነው። በወጣ ቁጥር ከ1 እስከ 10 ትቆጥሪያለሽ፣ ከጠፋብሽ እንደገና ከ1 ትጀምሪያለሽ። ዜን በሚባለው የቡድሃ እምነት ዘርፍ ውስጥ የታወቀ ነው፣ ቀላል ነው፣ ለብዙ ሰውም ይሠራል። ለአንቺ ግን አልመርጠውም። ቀኑን ሙሉ ብር ቆጥረሽ ማታ ደግሞ ትንፋሽ ልትቆጥሪ? እኔ ጀማሪ ሲጠይቀኝ ቀን ከሚውልበት ሥራ የራቀውን እንዲይዝ ነው የምመክረው፣ ሥራውን የሚያስታውስ ነገር ቶሎ ያስጠላዋልና።

ላንቺ የሚታየኝ ሰውነትን ከእግር እስከ ራስ መቃኘት ነው፣ ቦዲ ስካን የሚሉት። ማታ አልጋሽ ላይ በጀርባሽ ተኚና ከግራ እግርሽ ጣቶች ጀምሪ። ይሞቃሉ ወይስ ይበርዳቸዋል? ብርድ ልብሱ ነክቷቸዋል? ምንም ካልተሰማሽም አልተሰማሽም፣ ችግር የለውም። ከዚያ ተረከዝ፣ ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት እያልሽ ቀስ ብለሽ ወደ ላይ ትወጫለሽ። ይህን በሰፊው ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ጆን ካባት-ዚን ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል፣ ሕመማቸው አልለቅ ላላቸው ሰዎች ሥልጠና ሲጀምር ቦዲ ስካን አንዱ ክፍል ነበር። እነሱ ዘንድ 45 ደቂቃ ድረስ ይወስዳል፤ አንቺ 15 ይበቃሻል። ጉልበትሽ ላይ ሳትደርሺ እንቅልፍ ከወሰደሽ እሰየው፣ የፈለግሽውስ እሱን አልነበር? ብቻ መተኛትና ልብን ማሠልጠን ለየቅል ናቸውና ጠዋት ወንበር ላይ ቁጭ ብለሽ አጠር አድርገሽ ድገሚው።

ቁጭ ብለሽ የምትውይ ሰው ስለሆንሽ ጠዋቱን በእርምጃ ብታደርጊውም ደስ ይለኛል። 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ባጃጁ ሳይበዛ፣ ጣና ዳር ወይ ዘንባባዎቹ ሥር ሠላሳ እርምጃ ያህል የሚያስኬድ ቦታ ምረጪና ወዲያ ወዲህ በዪ። ተረከዝሽ መሬት ሲነካ፣ ክብደትሽ ወደ ፊት ሲያልፍ፣ ጣቶችሽ ሲለቁ፣ እሱን ብቻ ተከተዪ። ዓይንሽ ክፍት ነው። የሚያውቅሽ ሰው ማለፉ አይቀርም፣ "እንዴት አደርሽ" ይልሻል፤ መልሰሽ ሰላም በዪውና ወደ እግርሽ ተመለሺ፣ ሰው ዘግቶ ማለፍ ሜዲቴሽን አይባልም። ሲመሽ ግን ውኃ ዳር ይቅርብሽ። ከወባ ትንኝ ጋር ተመስጦ የለም፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ደግሞ ጉማሬ ሲጨልም ሣር ሊግጥ ይወጣል።

የ10 ቀኑ ነገር ጎይንካ የተባሉ መምህር ያስፋፉት ቪፓሳና የሚባል የሜዲቴሽን ዓይነት ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ትነሺያለሽ፣ በቀን ለ10 ሰዓት ያህል ትቀመጫለሽ፣ ወሬም ስልክም የለም፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ትንፋሽ ላይ ብቻ ናቸው። ክፍያ የለውም፤ የጨረሰ ሰው የፈቀደውን ይሰጣል። መጥፎ ነው አልልም። 10 ደቂቃ ያልለመደ ሰው ግን ለ10 ቀን ምን አስቸኮለው?

የመረጥሽውን ሁለት ሳምንት ሳትቀይሪ ያዢ፣ በየቀኑ በዚያው ሰዓት። ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት መሰልቸት ይመጣል፤ "ማንትራው ሳይሻል አይቀርም" የሚል ሐሳብም ተከትሎት ይመጣል፣ እሱንም እንደሌላው ሐሳብ አሳልፊው። መሥራቱን ተቀምጠሽ በተሰማሽ ሰላም አትለኪው። ደንበኛ ሲጮህብሽ ንዴቱ አፍሽ ላይ ሳይደርስ ገና ደረትሽ ላይ እያለ ካየሽው እየሠራ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በዪ። ክፉ ነገር ያየ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲቀመጥ ያየው ሊመለስበት ይችላል። ልብሽ ድው ድው ካለ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ አትታገዪ፤ ዓይንሽን ክፈቺ፣ እግርሽን መሬት ላይ ጫን አድርጊ፣ ካስፈለገም ተነሺ። ከተደጋገመ የአእምሮ ጤና ባለሙያ አነጋግሪ፣ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል አገልግሎቱ አለ።

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከዜጌ ነው። ጡረተኛ ነኝ፣ ደም ግፊት አለብኝ። ልጄ "አባዬ፣ ለግፊትህ ሜዲቴሽን ጥሩ ነው" ይለኛል። እኔ ጠዋት ውዳሴ ማርያም ሳልደግም የምውል ሰው አይደለሁም። ከሃይማኖቴ አይጋጭም ወይ?

መልስ፦ አባቴ፣ ውዳሴ ማርያምዎን የሚያስተውዎት ነገር ከሆነስ ባይጀምሩት ይሻላል። ግን አያስተውዎትም። ጸሎት ወደ አምላክ የሚቀርብ ነው፤ ትንፋሽን መከታተል ለማንም አይቀርብም፣ የሚባል ቃልም የለውም። ሁሉም ዓይነት ግን እንዲህ አይደለም። ሕንዳዊው መምህር ማሃሪሺ ማሄሽ ዮጊ ያስፋፉት ትራንሰንደንታል ሜዲቴሽን የሚባለው በክፍያ የሚማሩት ሲሆን፣ መጀመሪያው ቀን አስተማሪው በሳንስክሪት የሚያዜመው ሥርዓት አለ፤ አበባና ፍራፍሬም ይቀርባል። ይህ ቅር የሚያሰኝዎ ከሆነ እሱን ይተውት።

የሃርቫርዱ የልብ ሐኪም ኸርበርት ቤንሰን ይህንኑ ትራንሰንደንታል ሜዲቴሽን የሚሠሩ ሰዎችን ከ50 ዓመት በፊት ገደማ መርምሮ ነበር። ሲቀመጡ ትንፋሻቸውና የልብ ምታቸው ዝግ ይላል። እሱ ግን ለዚህ የተለየ ማንትራ አያስፈልግም አለ፤ ሰው ከገዛ እምነቱ የወሰደውን አጭር ቃል ወይም ጸሎት ረጋ ብሎ ቢደጋግም ይበቃዋል ነው ያለው። መቁጠሪያ ይዞ 41 ጊዜ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" ማለት ለእርስዎ አዲስ አይደለም። ቀስ አድርገው፣ ትንፋሽዎ ሲወጣ አንድ ጊዜ፣ ሳይጣደፉ ይበሉት። አሁንም ልብዎ ካመነታ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ባሉበት አገር የሚጠየቅ አባት አይጠፋም። የግፊት ኪኒንዎን ግን አንድም ቀን እንዳይዘሉ፣ ልጅዎም ቢሆን በዚህ ይስማማል።

ጥያቄ፦ የፔዳ ግቢ ተማሪ ነኝ። ዶርም ውስጥ ጸጥታ የሚባል ነገር የለም። ኢርፎን ሰክቼ በአፕ ልሥራ ወይስ ሌላ መላ አለ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጫጫታውን ራሱን ማረፊያ አድርገው። በር ሲጓጎር፣ ሰው ሲስቅ፣ ከሩቅ የቤተ ክርስቲያን ማይክ ሲሰማ፣ ማን ነው ለምን ነው ሳትል መጥቶ ሲያልፍ ስማው። አፖቹ አብዛኞቹ እንግሊዝኛ ናቸው፣ ጥቂት ቀን በነፃ ያስቀምሱህና ክፈል ይሉሃል፤ ለጀማሪ የስልክህ ሰዓት ቆጣሪ ይበቃል። 10 ደቂቃ ሙላና ፍላይት ሞድ አድርገው። ጫጫታው የኳስ ክርክር ከሆነ ግን አልዋሽህም፣ ወደ ኮሪደር ውጣ።