ድምፅ አውጥተሽ ጀምሪ፤ የልቡ በኋላ ይመጣል

ሰላም እህቴ። «ዴልሂ ተማሪ ነኝ፤ ጃፓ መጀመር እፈልጋለሁ፤ ዶርም ስለምኖር ግን ድምፅ ማውጣት ያሳፍረኛል። በልቤ ብቻ ባደርገውስ? በእረፍቱ ሪሺኬሽ፣ ገዳማቱ ዘንድ፣ ልሂድ ወይ?» ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁት። የዛሬ 6 ዓመት እኔም እዚያው ዴልሂ፣ ዶርም ውስጥ ሆኜ ይህንኑ ስጠይቅ የሚመልስልኝ ሰው አላገኘሁም። ጃፓ ማንትራን፣ ማለትም ቅዱስ ቃልን ወይም የአምላክን ስም፣ በመቁጠሪያ እየቆጠሩ ደጋግሞ ማለት እንደሆነ ታውቂዋለሽ፤ በቀጥታ እኔን ወዳቃጠለኝ ልግባ።

1. በልብ አትጀምሪ። በፍጹም። እኔ የጀመርኩት በልብ ነው፤ ያስጀመረኝም ንባብ ነው። የማኑ ሕግ የሚባለው የጥንት የሂንዱ መጽሐፍ 2ኛ ምዕራፍ ላይ ማንትራ መድገም ከመሥዋዕት 10 እጥፍ ይበልጣል፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ ከሆነ 100፣ በልብ ከሆነ 1000 እጥፍ ይበልጣል ይላል። 1000 እያለ ማን 10 ይመርጣል ብዬ በልቤ ያዝኩት። ማታ ማታ የክፍል ጓደኛዬ ስትተኛ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ መቁጠሪያዬን አዞራለሁ። የያዝኩት የአምላኩን የክሪሽናን ስም የሚጠራውን የሀሬ ክሪሽናን ማንትራ ነበር፣ 16 ቃል ያለውን። 108ቱን የመቁጠሪያ ፍሬ፣ ማለትም አንድ ዙር፣ በ3 ደቂቃ እጨርሳለሁ፤ የክሪሽና ማኅበር ሰዎች በየቀኑ የሚያደርሱትን 16 ዙር አንድ ሰዓት ሳይሞላ አጠናቅቃለሁ። ሰዎቹ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጅብናል ሲሉ እኔ የበለጥኩ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር። 4 ወር ሙሉ እንዲህ ቆየሁ።

ከዚያ ለሁለት ቀን የክሪሽና ቅዱስ ከተማ ወደሆነችው ቭሪንዳቫን ሄድኩ። እዚያ ሰላምታው ራሱ የክሪሽናን ወዳጅ የራዳን ስም መጥራት፣ «ራዴ ራዴ» ነው፤ ሪክሻ ነጂው መንገድ ልቀቁልኝ የሚለውም በዚያው ነው። ቤተ መቅደስ ደጃፍ ላይ አንዲት ነጭ ሳሪ የለበሱ አሮጊት አጠገቤ ተቀምጠው በስንት ደቂቃ አንድ ዙር እንደምጨርስ ጠየቁኝ። 3 ደቂቃ አልኳቸው። አልተቆጡም፣ አላሾፉም። እጄን ያዙና «በይ እኔ እየሰማሁሽ አንድ ዙር በይ» አሉኝ። ድምፄን አውጥቼ አንድ ዙር ስጨርስ ሰዓቴን አየሁ፤ 9 ደቂቃ።

እህቴ፣ እነዚያ 6 ደቂቃዎች የት ነበሩ? ለካ 4 ወር ሙሉ ጣቴ ሲቆጥር እኔ አልነበርኩበትም። ስሙን ከግማሹ እየዋጥኩ፣ የቀረውን ፈተናና የቤት ናፍቆት እየሞላሁት ኖሯል። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሴትዮዋ ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ምላስሽ ይበል፣ ጆሮሽ ይስማ።» ሥራው ይኸው ነው። ድምፅ ስታወጪ ቃል ብትዘዪ ጆሮሽ ይይዝሻል፤ በልብሽ ስትዘዪ ግን የሚይዝሽ የለም። 1000 እጥፉ ልቡ ጸንቶ ለሚቀመጥለት ሰው ነው፤ የዚያን ጊዜው የእኔ ልብ እንደዚያ አልነበረም። ቆይቼ ሳነብ የሪሺኬሹ መነኩሴ ስዋሚ ሲቫናንዳም ተማሪዎቻቸውን መጀመሪያ ድምፅ አውጥታችሁ፣ ከዚያ በሹክሹክታ፣ ከዚያ በልብ፤ ልባችሁ ሲባዝን ደግሞ ወደ ድምፁ ተመለሱ ይሉ እንደነበር አገኘሁ። ቀድሞ የነገረኝ ቢኖር!

የቭሪንዳቫን ሰዎች እንዲያውም ድምፁን ያስበልጣሉ። የክሪሽናን ስም በዜማ መጥራትን ባስፋፋው መምህር በቻይታንያ ዘመን (1486–1534 እ.ኤ.አ.) የነበረው ተከታዩ ሀሪዳስ ታኩር በቀን 300,000 ስም ይጠራ ነበር ይባላል። ለምን ትጮሃለህ ሲሉት፣ በልቡ የሚል ራሱን ብቻ ይጠቅማል፣ ድምፅ የሚያወጣ ግን መናገር የማይችሉትን ወፍና ትል ሳይቀር ይጠቅማል ብሎ ተከራክሯል። እኔ ከማኑ ይልቅ ከእሱ ጋር ነኝ።

2. የዶርሙ ነገር። ሀፍረትሽ ይገባኛል፤ መፍትሔው ግን ወደ ልብ መሸሽ አይደለም፣ ለሆሳስ ነው። ሳንስክሪቱ ኡፓምሹ ይለዋል፤ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ የምትሰሚው አንቺ ብቻ ነሽ። እናቴ 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ስትል በመቁጠሪያዋ ኮሽታና በከንፈሯ ሹክሹክታ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ። ሁለቱን እምነት ላደባልቅብሽ አይደለም፤ ለዚህ ከለሆሳስ የተሻለ አማርኛ ስለማላውቅ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሺ፣ ፊትሽን ታጠቢ፣ በለሆሳስ በይ፤ አብራሽ የምትኖረዋ አትነቃም። የእኔዋ አንድም ቀን አልነቃችም። ድምፅ ማውጣት ሲያምርሽ ጣሪያው አለልሽ፤ እኔ ልብስ የሚሰጣበት ላይ ወጥቼ ነበር የምለው። የጥበቃው ሰውዬ መጀመሪያ ገረመው፣ በኋላ ግን በሩን ራሱ ይከፍትልኝ ጀመር።

3. መቁጠሪያውን ሳትከፍዪ ቁጠሪው። ሪሺኬሽ፣ ራም ጁላ ድልድይ አጠገብ የገዛሁት በ108 ፋንታ 105 ፍሬ ሆኖ ተገኘ። ለክሪሽና ከቱልሲ እንጨት፣ ለአምላኩ ለሺቫ ከሩድራክሻ ዛፍ ፍሬ የተሠራው ነው። በአውራ ጣትና በመሐል ጣት ያዢው፣ አመልካች ጣት አይነካውም። ትልቁ ፍሬ ሱሜሩ ላይ ስትደርሺ አትሻገሪው፤ አዙረሽ ተመለሺ።

ሪሺኬሽን ካነሳሽ ደግሞ ፓስፖርትሽን ያዢ። ኮፒውን አላልኩም፣ ዋናውን! እኔ ኮፒና የኮሌጅ መታወቂያ ይዤ፣ ከዴልሂ 240 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ተጉዤ፣ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ አሽራም (የሂንዱ ገዳም) ቢሮ ደረስኩ። ጸሐፊው ቀና ብሎ ሳያየኝ «ተቀመጪ» አለኝ። ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። ከኋላዬ የመጡትን ሁሉ አስተናግዶ ሲያበቃ፣ መሽቶ፣ «ዋናው ፓስፖርት ከሌለ አናሳድርም» አለኝና መዝገቡን ዘጋ። ሕጉ ትክክል ነው፤ የውጭ ዜጋ የሚያሳድር ሁሉ በ24 ሰዓት ውስጥ ቅጽ ሞልቶ ለመንግሥት ማሳወቅ አለበት። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያንን ገና በር ላይ ሊነግረኝ መቻሉ ነው። ሆቴሎቹም ያንኑ ጠየቁኝ፤ በዚያው ሌሊት በአውቶቡስ ወደ ዴልሂ ተመለስኩ። ለወሩ የያዝኩት ብር በመንገድ አለቀ። አንቺ ቀድመሽ ኢሜይል ጻፊላቸው፣ መልሳቸውንም አትመሽ ያዢ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ፓስፖርቴን ይዤ ተመለስኩ፤ ሌላ ቦታ አረፍኩ። አንድ ሌሊት የሲቫናንዳ አሽራም የጸሎት አዳራሽ ገብቼ ተቀመጥኩ። እዚያ ከታኅሣሥ ወር 1943 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሀሬ ራማ ሀሬ ክሪሽና ዜማ ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ፣ ሰው እየተቀያየረ ይባላል። እኔ በገባሁበት ሰዓት ሁለት ሰው ብቻ ነበር፤ አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀበላል። ውጪ የጋንጋ (ጋንጅስ) ወንዝ ድምፅ አለ። ሳላውቀው ከንፈሬ አብሯቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ አንድም ቃል አልዘለልኩም።

አሁን ከ16ቱ ዙር 10ሩን ድምፅ አውጥቼ፣ 4ቱን በለሆሳስ፣ የመጨረሻዎቹን 2 በልቤ እላለሁ። የልቤ ዙር ዛሬ 7 ደቂቃ ይፈጃል፤ የድምፄም 7 ነው። ይህን ለማግኘት ሁለት ዓመት ወስዶብኛል፤ ደስ ብሎኝ ነው የምነግርሽ።

እስኪ ዛሬ ማታ አንድ ዙር በልብሽ፣ አንድ ዙር ጣሪያው ላይ ድምፅ አውጥተሽ በይና ሰዓት ያዢ። ሁለቱንም ቁጥር እዚሁ ጻፊልኝ።