ከሰል ላምባን ይከተላል ወይ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጅማ ሂርማታ አካባቢ ቁርስና ቡና እሸጣለሁ። የአንድ ማዳበሪያ ከሰልና የአንድ ሊትር ላምባ ዋጋ በየወሩ ደብተር ላይ መጻፍ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወንድሜ ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቶት «ዝምድናቸው 0.94 ነው፤ ላምባን ካወቅሽ ከሰልን አወቅሽ» አለኝ። እሱን አምኜ የክረምቱን ከሰል አሁን ልግዛ?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብተርሽን ወድጄዋለሁ። 36 ወር ሳያቋርጡ መጻፍ ቀላል አይደለም። ወንድምሽን ግን «ትንሽ ቆይ» በይው። 0.94 ማለት ሁለቱ ዋጋዎች ደብተርሽ ላይ አብረው ሲሄዱ ታይተዋል ማለት ብቻ ነው፤ ሙሉው 1 ነው።

የልጄን ቁመት በየዓመቱ የበር መቃን ላይ በእርሳስ አሰምር ነበር። ስታትስቲክስ ሳስተምር አንድ ቀን ለተማሪዎቼ ከጤፍ ዋጋ ጋር አዛመድኩላቸው። ከ0.9 በላይ ወጣ። ልጁ ስላደገ ግን ጤፍ አልተወደደም። ሁለቱም መውረድ ስለማያውቁ ነው። የኢኮኖሚ ስታትስቲክስ ሊቃውንቱ ግሬንጀርና ኒውቦልድ እ.ኤ.አ. በ1974 ያስጠነቀቁት እንዲህ ያለውን የውሸት ዝምድና ነው።

እውነተኛው ትስስር ሌላ ነው። ላምና ጥጃ ሜዳ ላይ ልቀቂ። ላሟ ማታ የት እንደምትደርስ ማንም አያውቅም። ጥጃዋም ስትቦርቅ ትውላለች። ርቀታቸው ሲሰፋ ግን ጥጃዋ ጡት ፍለጋ ተመልሳ ትመጣለች። ሁለት ዋጋዎች እንዲህ ሲሆኑ ባለሙያዎቹ ኮኢንተግሬትድ ናቸው ይላሉ። ግሬንጀር በዚህ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2003 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማትን ከባልደረባው ከኤንግል ጋር ተካፍሏል።

ስለዚህ ወንድምሽ ክፍተቱን ይይልሽ። ከሰልን በላምባ ይገምትና በየወሩ የተረፈውን ልዩነት ይደርድረው። ልዩነቱ ሄዶ ሄዶ የሚመለስ ከሆነ እንደ ላሟና ጥጃዋ የሚያስተሳስራቸው ገመድ አለ። ወጥቶ የሚቀር ከሆነ የልጄና የጤፍ ነገር ነው። ልዩነቱ ይመለሳል ወይ ብሎ ዲኪ ፉለር በሚባለው ፈተና ሲፈትሽ በተለመደው ሠንጠረዥ እንዳይሸወድ። እዚያ (5 በመቶ የመሳሳት ዕድል ሲፈቀድ) ይመለሳል ለማለት የፈተናው ቁጥር ከ−2.86 ገደማ በታች መውረድ አለበት። ለእንዲህ ዓይነቱ ልዩነት ግን በትልቅ ናሙና እንኳ −3.34 ገደማ ያስፈልጋል። በ36 ወር ደግሞ ከዚያም በታች መውረድ አለበት።

ገመዱ ካለ ትንበያው የሱቅ ሂሳብ ነው። ለምሳሌ ከሰል ከላምባ አንጻር ከሚገባው በላይ 100 ብር ተወደደ እንበል። ክፍተቱ በወር 30 በመቶ የሚጠብ ከሆነ፣ ላምባ ካልተነካ፣ በሚቀጥለው ወር 30 ብር ይረግባል ብለሽ ትጠብቂያለሽ። ያን ጊዜ አትቸኩዪ። ረክሶ ስታገኚው ግን ሁለት ሦስት ማዳበሪያ ጨምረሽ አስቀምጪ።

ላሟ ማን ናት? ላምባ ናት ባይ ነኝ። ዋጋዋን የሚቆርጠው መንግሥት ነው። ወራት ትቆምና አንድ ቀን ትዘላለች። ሂርማታ ላይ ከሰል ተወደደ ብሎ ላምባ ላይ የሚጨምር ባለሥልጣን የለም። ስለዚህ የሚጠጋው ከሰል ነው። ላምባን ራሷን መተንበይ ካማረሽ ደብተርሽ ላይ የብሬንት (የዓለም ገበያ መለኪያ የሆነው) ድፍድፍ ነዳጅና የዶላር ምንዛሪ ዓምድ ጨምሪ። ብር በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያ የዶላሩ ዓምድ የሚናቅ አይደለም።

ገመድም ይበጠሳል። ብሬንትና ደብልዩ ቲ አይ የሚባለው የአሜሪካ ድፍድፍ ነዳጅ ለዓመታት በጥቂት ዶላር ልዩነት አብረው ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ2011 ልዩነቱ ከ20 ዶላር አለፈ። ኦክላሆማ ውስጥ ኩሺንግ በምትባል ከተማ ነዳጅ ተጠራቅሞ በቂ ማውጫ ቧንቧ ጠፋ። የኛ ኩሺንግ ክረምት ነው። ጭቃ አይሱዙውን ሲይዘው ከሰሉ እዚያው ገጠር ይቀራል፤ ላምባ ግን ንቅንቅ አትልም። ስለዚህ ለክረምት ቀድመሽ ግዢ። ምክንያትሽ ግን 0.94 ሳይሆን መንገዱ ይሁን። ወንድምሽም የክረምት ወራትን ለይቶ ሞዴሉ ውስጥ ያስገባቸው።

እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ማዳበሪያው ነው። ሻጭ ዋጋ መጨመር ሲፈራ ከላይ ያለውን ቁልል ይቀንሳል። ደብተርሽ ላይ ዋጋው እንደቆመ ነው፤ ከሰሉ ግን ተወድዷል። ከዚህ ወር ጀምሮ በኪሎ ጻፊ። ሚዛን ከሌለሽ ከጎረቤት ቡና ነጋዴ ተዋሺ። ስትመዝኚ ከሰሉ ደረቅ ይሁን፤ ዝናብ ከነካው ውሃውንም አብረሽ ትመዝኛለሽ።