ከሐረጎ ዳገት በፊት ወረቀቱን አንብቡት
የአንባቢያን የጤና ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አባታችን ስኳርና ደም ግፊት አለባቸው። ከኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎላቸው ገና ሳይነጋ ደሴ ወጣን። ካርድ ክፍል ስንደርስ «ማህተሙ አይነበብም፤ የትኛው ክፍል እንደተላኩም አልተጻፈም» ብለው መለሱን። መጀመሪያውኑ ቀጥታ ሆስፒታል ብንሄድ አይሻልም ነበር? ለደም ምርመራ ጾመው ስለነበር ደግሞ መንገድ ላይ ላብ በላብ ሆነው ሊወድቁብን ነበር። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ከላቡ እንጀምር፤ ከወረቀቱ የሚብሰው እሱ ነውና። ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ባዶ ሆዱን መድኃኒቱን ወስዶ መኪና ላይ ከተሳፈረ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው። መለኪያ ካላችሁ ለኩ፤ ከ70 በታች ከሆነ፣ መለኪያ ከሌላችሁም ምልክቱን አይታችሁ፣ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጣችሁ አጠጧቸው። 15 ደቂቃ ጠብቁ፤ ካልተሻላቸው ድገሙት። ሲሻላቸው ዳቦ ወይም ሌላ ምግብ ይብሉ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፋቸው ምንም አትስጡ፤ ትን ይላቸዋል። ቅርብ ወዳለው ድንገተኛ ክፍል አድርሷቸው።

እንዲያውም ለጾም ምርመራ ብሎ ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል በሐረጎ ዳገት በባዶ ሆድ መውጣት አያስፈልግም። በጾም የሚለካ ስኳር ለ8 ሰዓት ያህል ምግብ ሳይበላ ኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ ተለክቶ ውጤቱ ሪፈሩ ላይ ሊጻፍ ይችላል። የግድ ደሴ ጾመው እንዲደርሱ ከተባለ የጠዋቱን ኢንሱሊን ወይም ክኒን ምን እንደሚያደርጉት የሚከታተላቸውን ባለሙያ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ መልሱ «ደም ከሰጡ በኋላ ምግብ ሲቀርብ ይውሰዱ» ነው። ምግቡን ከቤት ይዛችሁ ውጡ።

ቀጥታ መሄዱን በተመለከተ፦ ድንገተኛ ከሆነ ወረቀት አያስፈልግም። ትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም፣ የሰውነት አንድ ጎን መዛል፣ ራስን መሳት፣ የማይቆም ደም፣ ስኳር ከፍ ብሎ ከትውከትና ከከባድ አተነፋፈስ ጋር ሲመጣ፣ ጊዜ ሳታጠፉ ሂዱ። ክትትል ከሆነ ግን በደረጃው ማለፍ ይጠቅማችኋል። አንድ ጤና ጣቢያ የታሰበው ለ25 ሺህ ያህል ሰው ነው፤ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ለሚደርስ ሕዝብ። ደሴ ያለው ሆስፒታል ከደቡብ ወሎ በተጨማሪ ከሰሜን ወሎ፣ ከኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንና ከአፋር የሚመጣውን ሕመምተኛ ይቀበላል። ጤና ጣቢያ ሊለካ የሚችል ግፊት እዚያ ወረፋ ሲይዝ፣ ወረፋው የሚረዝምበት ሰው ሊሞት የደረሰው ነው። በጤና መድህን የምትታከሙ ከሆነ ደግሞ ያለ ሪፈር የሄደ ሰው ቢያንስ ከፊሉን ወጪ ከኪሱ ይከፍላል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ከጤና ጣቢያው በር ሳትወጡ ቆማችሁ አንብቡት፤ ማንበብ የማይችል ሰው የሚያነብለት ይዞ ይሂድ። ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ዕድሜ፣ የካርድ ቁጥርና የመድህን መታወቂያ ቁጥር፣ ቀኑና ሰዓቱ ይኑሩበት። የዕለቱ ግፊት፣ የልብ ምትና ሙቀት፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ እስካሁን የተሰጠው መድኃኒት ከነመጠኑ፣ የተላከበት ሆስፒታልና ክፍል፣ የላኪው ስምና ፊርማ፣ የሚነበብ ማህተም። ከሁሉም በላይ የሚጎድለው የተላከበት ምክንያት ነው። «ለተሻለ ምርመራና ሕክምና» የሚለው ሐረግ ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም። «በሁለት መድኃኒት ለ3 ወር ግፊቱ ከ160 አልወረደም፤ ኩላሊቱ ይታይ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ግን የአንድ ቀን ምልልስ ያስቀራል። እንዲህ ይጻፍልን ብላችሁ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው።

የተላካችሁበትን ሆስፒታል ስምም አስተውሉ። ለዓይንና ለቆዳ የተላከ ሰው ወደ ደሴ ሳይሆን ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ ከደሴ በስተሰሜን ነው። ሳትነሱም የተቀባዩን ሆስፒታል ላይዘን ክፍል (ሪፈር የሚያስተባብረውን ክፍል) ላኪው ጤና ጣቢያ በስልክ እንዲጠይቅላችሁ አድርጉ፤ የስፔሻሊስት ክሊኒክ በየቀኑ አይከፈትም።

ስትመለሱ የወረቀቱን የታችኛውን ክፍል፣ ግብረ መልሱን፣ አስሞልታችሁ ተመለሱ። «ክትትሉ በጤና ጣቢያ ይቀጥል» ተብሎ ከነመድኃኒቱ ከተጻፈ አባታችሁ ለወር ክኒን ብለው ሐረጎን አይወጡም። ሁሉንም በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሆስፒታል ሲዘረፍና ሲወድም የታየ ነው፤ የሕመም ታሪክ በአንድ ቦታ ብቻ መቀመጥ የለበትም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የ8 ወር ነፍሰ ጡር ናት። የመጀመሪያ ልጃችንን በኦፕራሲዮን ነው የወለደችው። ጤና ጣቢያው «ምጥ ሳይመጣ ቀድማ ሆስፒታል ትጠጋ» ይላል። አምቡላንስ እያለ ለምን? «ደም የሚሰጥ ሰው አዘጋጁ»ም ተብለናል፤ የኔ ደም ደግሞ ከእሷ ጋር አይገጥምም። (ከተሁለደሬ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ጤና ጣቢያው ትክክል ነው። ቀድሞ የተቀደደ ማሕፀን በምጥ ጊዜ በጠባሳው በኩል ሊተረተር ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚያድናት ኦፕራሲዮን ብቻ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ከባድ ደም መፍሰስም በ2 ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። አምቡላንሱ እስኪጠራ፣ ሌላ እናት አድርሶ እስኪመለስ፣ ኮረኮንቹን እስኪያልፍ ያለውን ጊዜ ራስህ ቁጠረው። ስለዚህ 38 ሳምንት ሲሞላት ኦፕራሲዮን በሚሠራበት ሆስፒታል አጠገብ ትሁን፤ የእናቶች ማቆያ ካለ እዚያ፣ ከሌለ ዘመድ ቤት። መንታ ከሆነ ወይም ጽንሱ ከተገለበጠ ከዚያም በፊት ሊሆን ስለሚችል ቀኑን ከሐኪሙ ጋር ቁረጡ። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ደም፣ የእንሽርት ውኃ፣ የጽንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ከታየ ቀኑን ሳትጠብቁ ሂዱ። የወሊድ አገልግሎት ከክፍያ ነፃ ነው፤ ለትራንስፖርትና ለአስታማሚ ምግብ ግን ገንዘብ ያዝ።

ደሙን አብሽር። ያንተ ደም ከእሷ ጋር መግጠም የለበትም፤ የምትሰጠው ለደም ባንክ ነው፣ ለእሷ የሚገጥመው ከባንኩ ይወጣል። ከ18 እስከ 65 ዓመት፣ ክብደት ከ45 ኪሎ ያላነሰ፣ ባለፉት 3 ወራት ያልሰጠ ጤነኛ ሰው ይችላል። ቀይ የደም ሴል በማቀዝቀዣ የሚቆየው ከ5 እስከ 6 ሳምንት ብቻ ስለሆነ ባንኩ ሁልጊዜ አዲስ ሰጪ ይፈልጋል። የእሷ ደም አርኤች ኔጋቲቭ (ከደም ዓይነቱ ቀጥሎ የመቀነስ ምልክት «–» ያለው) መሆን አለመሆኑን ግን ዛሬውኑ አጣሩ። ከሆነ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚወጋ አንቲ ዲ የሚባል መርፌ ሊያስፈልጋት ስለሚችል ፍለጋው አሁን ይጀመር።

አንድ ነገር ልብ በል። ለመመርመሪያ ከእሷ የሚቀዳው ደም ብልቃጡ ላይ ስሟና የካርድ ቁጥሯ እዚያው አልጋዋ አጠገብ ይጻፍበት፤ ስሙ ከወረቀቱ ካልገጠመ ባንኩ ይመልሰዋል፣ መመለሱም ትክክል ነው። ደሙን አምጣ ከተባልክ በቀዝቃዛ ሳጥን ያዘው፤ ብብት ውስጥ ወይም እሳት አጠገብ እንዳታሞቀው፣ ይበላሻል። ክፍሉ እንደደረሰም ሳይዘገይ ለነርሷ አስረክብ፤ ከማቀዝቀዣ የወጣ ደም በ30 ደቂቃ ውስጥ መሰጠት ይጀመራል፣ በ4 ሰዓት ውስጥም ማለቅ አለበት።

ጥያቄ፦ የመድህን አባል ነኝ። መድኃኒቱ የለም ብለው ከውጭ ግዛ አሉኝ። ገንዘቤ ይመለሳል? (ከሐይቅ)

መልስ፦ ሐይቅ ያለችበት ተሁለደሬ ወረዳ በ2003 ዓ.ም. መድህኑ በሙከራ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዷ ስለሆነች አሠራሩ ለወረዳዎ ባለሙያዎች አዲስ አይደለም። መጀመሪያ ሐኪሙን «ተመሳሳይ ሥራ ያለው፣ እዚህ የሚገኝ ሌላ አለ?» ብለው ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ አለ። ከሌለ፣ ከመግዛትዎ በፊት ማዘዣው ላይ መድኃኒቱ እንደሌለ አስጽፈው ማህተም ያስመቱ፤ መድህኑ ውል የያዘበት መድኃኒት ቤት ካለም አድራሻውን ይቀበሉ። ከሌላ ቦታ ከገዙ በስምዎ የተቆረጠ ሕጋዊ ደረሰኝ፣ የማዘዣውን ቅጂና የታደሰ መታወቂያዎን ይዘው ወደ ወረዳው የመድህን ክፍል ይሂዱ። በእጅ የተጻፈ ተራ ወረቀት አይቀበሉም። መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ በመድህኑ አይሸፈኑም፤ ለእነሱ ደረሰኝ ይዘው አይመላለሱ።